ጥምቀትን በስልክ ለሚያዩት ሲባል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። እንጀራዬ ሠርግና ምርቃት መቅረጽ ነው። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ዘንድሮ ጥር 11 ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት መውረድ አልቻለችም። ቀጥታ ስርጭቱን በስልክ ከፍቼላት ወጣሁ። ስመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ልጄ፣ ውኃው ሲባረክ ሳላየው አለፈኝ" አለችኝ።

ቅጂውን ከፍቼ አየሁት። ካህናቱ ወደ ውኃው ሲጠጉ ምስሉ በካሬ በካሬ ይፈርሳል። የአንዱ ጥላ ወርቃማ ዘርፍ ከጥላው ተነጥሎ ብቻውን ውኃው ላይ ይሄዳል። ጠራ ሲባል መልሶ ይበላሻል።

ሰው "ኔትወርክ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ግን ብልሽቱ ቅጂውም ላይ አለ። ስለዚህ ጥፋቱ የእማዬ ስልክ አይደለም። ምስሉ የጎደለው ከካሜራው ወጥቶ ሰርቨሩ ጋ እስኪደርስ፣ መንገድ ላይ ነው። እሱን ደግሞ ላኪው መጠበቅ ይችላል።

የተጨመቀ ቪዲዮ ሁሉንም ምስል ሙሉ አይልክም። አንዱን ሙሉ ይልክና ከዚያ የተቀየረውን ብቻ ይነግራል። መሃል ላይ አንድ ቁራጭ ከጠፋ ቀጣዩ ምስል በተበላሸው ላይ ይሠራል። ስህተቱም እስከሚቀጥለው ሙሉ ምስል ይጎተታል። ኤክስ264 የሚባለው ኢንኮደር (ቪዲዮ የሚጨምቀው ፕሮግራም) ቅንብሩን ካልነካነው እስከ 250 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ድረስ ሙሉ ምስል ሳይልክ ሊቆይ ይችላል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሰላ 10 ሰከንድ ነው። በተለይ ካሜራው አንድ ቦታ ቆሞ ውኃውን ብቻ ሲያሳይ።

አሰራጮቹን የምለምነው ይህን ነው። ሙሉ ምስል በየሁለት ሰከንዱ ላኩ። ዳታ ይበላል፣ አውቃለሁ፤ ጥራቱን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ደግሞ ኤስአርቲ የሚባለውን ቪዲዮ በኢንተርኔት የመላኪያ ዘዴ ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በነፃ የተለቀቀ ነው፤ የጠፋውን ቁራጭ እንደገና ያስልካል። ጊዜ ግን ስጡት። ብዙዎቻችን "ላይቭ ነው" ለማለት መዘግየቱን እናሳንሰዋለን፤ ያኔ ቁራጩ ተመልሶ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልፋል። እማዬ ሦስት ሰከንድ ዘግይታ ብታይ ምን ይጎድልባታል? ዲቪቢ-ኤስ በሚባለው የሳተላይት ስርጭት ደረጃ የሚመጣ የዲሽ ስርጭት እንኳ ለየ188 ባይቱ (የዳታ መለኪያ ነው) 16 ባይት የስህተት መጠገኛ ይዞ ነው የሚጓዘው፤ ቦታው ለጥራት ቢውል አይጠላም ነበር።

ይህን ስትሞክሩት ግን ባዶ ግቢ ላይ አይሁን። በከተራው ማታ፣ ጥር 10፣ ታቦታቱ ገብተው ሕዝቡ ግቢውን ሲሞላና ሁሉም ስልኩን ሲያወጣ ይሁን። ገመድ የሚጎትት ሰው ከጎደላችሁ ያለ ክፍያ አለሁ።

ከማራኪ፣ ጎንደር