የዕፅዋት ምሁር ሥራ በምን ይለካል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሰጣቸው ኃላፊነቶች መካከል መማር ማስተማር፣ ጥናትና ምርምር እንዲሁም የማኅበረሰብ አገልግሎት ዋነኞቹ ናቸው። የመምህራን ደረጃ ዕድገት ሲታይ እነዚህ ሦስቱ ለየብቻ ይመዘናሉ፤ ውሎ አድሮ ሚዛኑን የሚደፋው ግን በመጽሔት የታተመ ጽሑፍ ብዛት ነው። አሠራሩ ለሌሎች የትምህርት ዘርፎች ይስማማ ይሆናል፤ የዕፅዋት ምደባን ለሚያስተምርና ለሚመራመር የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ግን እንደማይመጥን የማምንበትን ምክንያት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና በባልደረቦቻቸው ሥራ አስደግፌ ለማቅረብ እወዳለሁ።

ብዙ አንባቢ ፕሮፌሰር ሰብስቤን የሚያስታውሳቸው እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል ዓለም አቀፍ ሜዳሊያውን በሸለማቸው ጊዜ ይሆናል። ከዚያ በፊት የነበሩት የሠላሳ ዓመታት ድካም ግን ለዜና የሚመች አልነበረም። የዶክትሬት ጥናታቸውን በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት በየአጥሩና በየገደሉ በምናየው፣ አጣጥ እያልን በምንጠራው ቁጥቋጦ ወገን ላይ ነው። ከአጣጥ የሚነሣ ሰው ዝነኛ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ አይኖርም።

ሥራው ለምን እንዲህ ረጅም ጊዜ እንደጠየቀ ለመረዳት ጥቂት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የአገራችንን ዕፅዋት ሰብስበው ለሳይንስ ያስተዋወቁት በመጀመሪያ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ ለአሥርተ ዓመታት ኖሮ የሰበሰባቸው ናሙናዎች ወደ አውሮፓ ተጓዙ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም እንደዚያው አደረጉ። በዚህም ምክንያት አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከደጁ የቆረጠውን ቅጠል ማንነት ለማረጋገጥ ለንደን፣ ፓሪስ ወይም ፍሎረንስ ድረስ መሄድ ነበረበት። ናሙናው በባዕድ አገር መቀመጡ ለደኅንነቱም ዋስትና እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ1943 ታይቷል፤ በዚያ ዓመት በአየር ድብደባ የተነሣ እሳት የበርሊኑን ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማኖሪያ) አብዛኛውን ክፍል አውድሞታል።

አራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የኢትዮጵያን ዕፅዋት ሁሉ መርምሮ የሚመዘግብ ፕሮጀክት ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኋላም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ናቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ለኅትመት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን እርሱም በቅደም ተከተሉ ሦስተኛው ቅጽ ነበር፤ የመጨረሻው ቅጽ በ2009 ወጣ። ስምንት ቅጾች፣ በአሥር መጻሕፍት፣ ስድስት ሺህ ገደማ ዝርያዎች። ከእነዚህ ዝርያዎች ከአሥሩ አንዱ ያህል በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር ካልሆነ በቀር በሌላ በየትም አይበቅሉም።

እንግዲህ የዛሬውን መለኪያ በዚያ ሥራ ላይ እናውለው። ፕሮጀክቱ ከተጀመረ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቅጽ አልታተመም። በየዓመቱ የጽሑፍ ብዛት የሚቆጥር ኮሚቴ በዚያን ጊዜ ሪፖርት ቢቀበል ኖሮ ምን ብሎ ይፈርድ ነበር? በእነዚያ ዓመታት የተሠራው እኮ ናሙና መሰብሰብ፣ ማድረቅ፣ በወረቀት ላይ መለጠፍ፣ የተቆረጠበትን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የአካባቢውን መጠሪያ መጻፍ፣ ከዚያም ከቀደሙት ጋር እያስተያዩ መለየት ነው። (ለዝግጅት ክፍሉ ደስ የሚለው ከሆነ፣ ቅጠሉ ተጨፍልቆ የሚደርቀው በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ነው፤ አንባቢ ያጣ ዕትም ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም።)

ማስተማሩም ከዚሁ ሥራ የሚለይበት ድንበር የለውም። የዕፅዋት ምደባ ተማሪ በመማሪያ ክፍል ብቻ ሠልጥኖ አይወጣም፤ ከመምህሩ ጋር ጫካ ገብቶ አበባ መፍታት፣ ዝርያን በተከታታይ ጥያቄዎች ለመለየት የሚያገለግለውን የመለያ ቁልፍ ደረጃ በደረጃ መከተል፣ ሲሳሳትም መታረም አለበት። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በየወረዳው እየዞሩ ያመጧቸው ናሙናዎች በሄርባሪየሙ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ መምህሩ ነገ ለሚጽፈው ጥናት ማስረጃ የሚሆኑትም እነርሱ ናቸው። በአንድ ጊዜ የሚከናወነውን ይህን ሥራ እስከዚህ ድረስ ማስተማር፣ ከዚህ ወዲያ ምርምር ብሎ ነጥብ ማከፋፈል እንዴት እንደሚቻል አይገባኝም።

አገልግሎቱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የተደበቀ ነው። የባህል መድኃኒት የሚመረምር የፋርማሲ ተማሪ፣ ከብቶቹን የመረዘውን አረም ይዞ የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም፣ የንብ ቀሰም የሚያጠና ባለሙያ፣ ሁሉም ቅጠል ይዘው የሚሄዱት ወደዚያው መደርደሪያ ነው። የዕፅዋቱ ማንነት ካልተረጋገጠ ከዚያ በኋላ የሚደረገው የላቦራቶሪ ምርመራ ሁሉ ዋጋ የለውም። እንዶድን እናስታውስ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አጠገብ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና በቀንድ አውጣ አማካይነት ከሚተላለፈው የቢልሃርዝያ በሽታ ጋር ማያያዛቸው በሰፊው ይነገራል። ከእንዶድ ዓይነቶች መካከል ኃይለኛውን፣ ቁጥር 44 የተባለውን፣ ለይቶ ለማውጣት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የደከሙት ድካም ግን ብዙም አይነሣም፤ እ.ኤ.አ. የ1989ን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ዓለም አቀፍ ሽልማት ሁለቱ አብረው መቀበላቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በከተማው አስተዳደርና በዩኒቨርሲቲው ትብብር የተቋቋመው፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ የመሩት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም እንዲሁ ነው። ባሕር ዛፍ በወረሰው 705 ሄክታር መሬት ላይ ጽድና ዝግባ፣ ኮሶና ወይራ መልሶ ለማልማት በመጀመሪያ የትኛው ዝርያ በየትኛው ከፍታ እንደነበረ ማወቅ ይጠይቃል፤ ያ ዕውቀት የተገኘው ከዚያው ከተለጠፈው ቅጠል ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻም ምን ቦታ ምን ይተከል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከእነዚሁ ሰዎች ነው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ሚኒስቴር የዕድገት መመዘኛቸውን ሲያሻሽሉ፣ አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ መርምሮ ለመዝገቡ ያዘጋጀ ምሁር እንደ አንድ አጭር ጽሑፍ ደራሲ እንዳይቆጠር፣ ለሄርባሪየም የገባ ናሙናና ለሌሎች ተቋማት የተሰጠ የመለየት አገልግሎትም በሰነድ ተይዞ ነጥብ እንዲያገኝ እጠይቃለሁ። መምህሩ ናሙና ሲለጥፍ እንዳይውል ቋሚ የሄርባሪየም ቴክኒሻን መቅጠርም የዚሁ አካል መሆን አለበት።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር በመሆኔ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። አሥሩም መጻሕፍት የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ ለባለሙያ ነው። ተማሪዎቼን ይዤ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ቁጥቋጦ ስወጣ በእጄ የምይዘው፣ በየአካባቢው የተለመዱ መቶ ወይም ሁለት መቶ ዕፅዋትን በሥዕልና በአማርኛ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ቢዘጋጅ፣ ሥራውም ለአዘጋጆቹ መምህራን በማስተማር፣ በምርምርና በአገልግሎት በሦስቱም ቢቆጠርላቸው ፍትሐዊ ይመስለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር
ከደብረ ብርሃን