የስሪላንካ ፎቶግራፎችና ከሥራቸው የቀረው ጽሑፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በወጣው እትማችሁ ሁለቱን የመሃል ገጾች ለስሪላንካ መልክዓ ምድርና ለነዋሪዎቿ ኑሮ ፎቶግራፎች መልቀቃችሁን ኮምቦልቻ ሆኜ ተመልክቼ ደስ ብሎኛል። ጋዜጦቻችን ለፎቶግራፍ ይህን ያህል ስፍራ ሲሰጡ ማየት ብርቅ ነው፤ ፎቶ አንሺውም ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑን የብርሃን አያያዙ ይመሰክርለታል። ቅሬታዬ በፎቶግራፎቹ ላይ አይደለም፤ ከሥራቸው በተጻፈው፣ ይልቁንም ሳይጻፍ በቀረው ነገር ላይ ነው። «ዓሣ አጥማጆች በሥራ ላይ»፣ «አረንጓዴ ገነት»፣ «የደሴቲቱ ፈገግታ» የሚሉት መግለጫዎች ፎቶግራፉ የት፣ በየትኛው ወርና በምን ሁኔታ እንደተነሣ አይናገሩም። አንባቢው ሄዶ የማያየውን አገር በእናንተ ገጽ ላይ ሲያይ እነዚህን ነገሮች የማወቅ መብት አለው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በቅርብ የማውቀው ቀድሞ እሠራበት የነበረ የልብስ ስፌት ድርጅት ለሥልጠና ወደዚያች አገር ልኮኝ ስለነበር ነው። የእረፍት ቀኖቼን ካሜራዬን አንግቼ በአውቶቡስና በባቡር በመዞር አሳልፌአቸዋለሁ። ዛሬ የምተዳደረው በሠርግና በምርቃት ፎቶ ስለሆነ፣ ሰውን «እስቲ ወዲህ ዞር በሉልኝ» ብሎ አስቁሞ ማንሣት እንጀራዬ ነው፤ ማስቆሙም ነውር ነው የምል ሰው አይደለሁም። ነውር የሚሆነው ተከፍሎት የተቀመጠውን ሰው በዕለት ሥራው ላይ ሳለ የተነሣ አስመስሎ ማቅረብ ነው።

ገጹን ሞልቶ የወጣውን ትልቁን ፎቶግራፍ ልጥቀስ። ባሕር ውስጥ በተተከሉ ቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ የተፈናጠጡ ወንዶች ይታያሉ፤ በአንድ እጃቸው ምሰሶውን አቅፈው በሌላው የመንጠቆውን ዘንግ ይዘዋል፤ ከኋላቸው ፀሐይ ትጠልቃለች። ቦታው አልተጻፈም እንጂ ይህ ዓይነቱ አጠማመድ የሚታየው በደቡቡ ጠረፍ፣ በኮጋላ፣ በአሃንጋማና በወሊጋማ አካባቢ ነው። ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከጥንት የወረደ ልማድ አይደለም፤ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ገደማ፣ ለመንጠቆ የሚመቹት የዳርቻ ዓለቶች በአጥማጆች ሲጨናነቁ እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 የደረሰው ሱናሚ በዚያች አገር ብቻ ከ30,000 በላይ ሰው ሲፈጅ እነዚህን መንደሮችም አልማረም፤ ከዚያ ወዲህ ከአጥማጆቹ ብዙዎቹ ሥራውን ትተዋል። ዛሬ ምሽት ላይ፣ ብርሃኑ ሲያምር፣ ምሰሶው ላይ ከሚታዩት መካከል የሚበዙት የሚቀመጡት ለጎብኚ ነው።

እኔ በደረስኩበት ሰዓት ምሰሶዎቹ ባዶአቸውን ቆመው ነበር። ሰዎቹ ከኮኮናት ዛፎቹ ሥር ሻይ እየጠጡ ይጫወታሉ። የጎብኚዎች አውቶቡስ ጥግ ይዞ ሲቆም ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ፣ ሽርጣቸውን ወደ ላይ ሸብ አደረጉና ውኃውን እየቀዘፉ ሄደው ወጡበት። ጠና ያለ አንድ ሰው ብሩን በጣቶቹ መካከል አጣጥፎ ይዞ ከካሜራ ወደ ካሜራ እየዞረ ይሰበስባል። ዓሣ የሚከተትበት ፌስታል ከምሰሶው ጋር ታስሯል፤ ነፋሱ ሲመታው እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፤ ውስጡ ግን ምንም የለም። እኔም ከፍዬ አነሣሁ። የሰዎቹን አሠራር አልነቅፍም፤ ከዓሣው ይልቅ ከፎቶው የሚያገኙት የሚሻል ከሆነ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። በአገራችንም በኦሞ ሸለቆ ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር ተብሎ መጠየቅ ከተለመደ ቆይቷል። ሆኖም «ዓሣ አጥማጆች በሥራ ላይ» የሚለው መግለጫ ለአንባቢ የሚነግረው ሌላ ታሪክ ነው። «ቀድሞ ያጠምዱበት በነበረው ምሰሶ ላይ ለጎብኚ ክፍያ የተቀመጡ ወንዶች» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ፎቶግራፉ ከውበቱ የሚያጣው አልነበረም፤ እንዲያውም አንባቢው ተመልሶ ፊታቸውን አተኩሮ ያይ ነበር።

«አረንጓዴ ገነት» የተባለው የሻይ ማሳ ደግሞ ይበልጥ አሳስቦኛል። ከኮረብታዎቹ ቅርጽ እንደምገምተው ፎቶግራፉ የተነሣው በኑዋራ ኤሊያ አካባቢ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,868 ሜትር ላይ ስለምትገኝ ከኮምቦልቻ ከፍታ እምብዛም አትርቅም፤ ማለዳ ላይ ጋቢ የሚያስናፍቅ ብርድ አላት። ያ ኮረብታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሻይ ሳይሆን የቡና አገር ነበር፤ ደሴቲቱም ከዓለም ዋና ዋና ቡና አምራቾች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1869 የታየው የቡና ቅጠል ዋግ እርሻውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደመሰሰው፤ ከዚያ በፊት በ1867 ጄምስ ቴይለር የተባለ ስኮትላንዳዊ ሉሌኮንዴራ በተባለ ቦታ ለንግድ መትከል የጀመረው ሻይ ቦታውን ያዘ። ቡናን ከራሱ ደጅ ለሚለቅም አገር አንባቢ ይህ የማይጣፍጥ ወሬ ነው ብዬ አልገምትም።

ሻዩን የሚለቅሙት ሴቶች አብዛኞቹ እንግሊዞች ከደቡብ ሕንድ ያመጧቸው የታሚል ሠራተኞች ዘሮች ናቸው፤ ብዙዎቹም እስከ ዛሬ የሚኖሩት በቅኝ ግዛት ዘመን ለሠራተኛ በተሠሩ፣ በአንድ ጣራ ሥር በተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ነው። ከረጢቱ የሚንጠለጠለው ግንባራቸውን ከፍ ብሎ በሚያልፍ ማሰሪያ ነው። ሁለት ቅጠልና አንድ ቡቃያ እየቀነጠሱ እፍኛቸው ሲሞላ ሳያዩ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ይወረውሩታል። በዝናብ ወራት ከቁጥቋጦው ሥር አልቅት ስለማይጠፋ አንዳንዶቹ እግራቸውን ሳሙና ቀብተው ይገባሉ። የጣቶቻቸው ጫፍ ከቅጠሉ ወዝ የተነሣ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል፤ ይህን ያየሁት አንዲት እናት ካሜራዬን ተቀብለው ያነሣሁላቸውን ፎቶ ለማየት ሲጠጉ ነው። የቀን ደመወዛቸው 1,000 ሩፒ እንዲሞላላቸው ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረው የተወሰነላቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ነበር። በጋዜጣችሁ ላይ ፈገግ ያሉት ሴት ፈገግታ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሰው በሥራ መሃልም ይስቃል። «የደሴቲቱ ፈገግታ» ብሎ ስም ማውጣት ግን የአንዲትን ሠራተኛ ፊት ለማስታወቂያ ማዋል ነው። ስማቸውን ጠይቆ፣ ከፈቀዱም ጽፎ፣ ካልፈቀዱ ደግሞ «የሻይ ለቃሚ፣ ኑዋራ ኤሊያ» ብሎ ማለፍ ይበቃ ነበር።

የወሩ ጉዳይ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሆኖም ስሪላንካ በሁለት የዝናብ ነፋስ የምትተዳደር ደሴት ናት። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ደቡብ ምዕራቡን ጠረፍና ተራራማውን ክፍል ያረሰርሳል፤ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደግሞ ምሥራቁንና ሰሜኑን ያጠጣል። ስለዚህ አንዱ ዳርቻ ሲታወክ ሌላው ረግቶ እንደ መስተዋት ይሆናል። እናንተ የደቡቡን የረጋ ባሕርና በምሥራቁ ጠረፍ ያለችውን የትሪንኮማሌን የረጋ ባሕር ጎን ለጎን አትማችኋል፤ ሁለቱ በአንድ ጉዞ የተነሡ ናቸው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል። ይህን ያየ አንባቢ አገሪቱ ዓመቱን ሙሉ በሁሉም በኩል ሰማያዊ ናት ብሎ ቢደመድም ማን ይፈርድበታል? እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ደሴ ፒያሳ ላይ ሰው ከሰው በማይተያይበት ሰዓት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ካፖርት አውልቆ መያዝን ስለለመድን፣ «ደቡብ ወሎ» ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ፎቶ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማስረዳት ብዙ አያስፈልገንም።

ብርሃኑም እንዲሁ ነው። አገሪቱ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ወጥታ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ከወጣች በኋላም ፈጥና አናት ላይ ትቆማለች። ለፎቶ የሚሆነው ለስላሳ ብርሃን አጭር ነው። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ሁሉ እያብረቀረቀ አረንጓዴው ወደ ነጭ ስለሚያደላ፣ በሌንሱ ላይ ፖላራይዘር የሚባለውን ማጣሪያ ያልገጠመ ሰው የእናንተን ፎቶግራፎች የመሰለ ቀለም አያገኝም። ፎቶ አንሺው በሁለት መስመር እንዴት እንዳነሣው ቢነግረን፣ ካሜራ ይዘው ለሚጀምሩ የእኛ ልጆች ትምህርት ይሆናቸው ነበር።

ከባቡር በር ላይ ወደ ውጭ ተንጠልጥላ ፀጉሯን ነፋስ ላይ የለቀቀችውን ወጣት በተመለከተ የምለው አጭር ነው። በኤላ ከተማ አቅራቢያ ባቡሩ የሚያልፍበት ባለ ዘጠኝ ቅስት ድልድይ ብረት ሳይገባበት በድንጋይ፣ በጡብና በሲሚንቶ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1921 የተጠናቀቀ፣ በራሱ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው፤ በመግለጫችሁ ግን ስሙም አልተጠቀሰም። በዚያ መስመር እንዲህ እየተንጠለጠሉ የሞቱና የቆሰሉ ጎብኚዎች ስላሉ፣ ፎቶግራፉ መውጣት ካለበት ማስጠንቀቂያ ቢታከልበት ጥሩ ነበር።

ከገጾቹ ባይቀር የምለው ደግሞ ስሪ ፓዳ ነው። 2,243 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ጫፉ ላይ የእግር ቅርጽ ያለው አሻራ አለበት። ቡድሂስቶች የቡድሃ፣ ሂንዱዎች የሺቫ፣ ሙስሊሞች የአባታችን የአዳም ነው ይላሉ፤ ከክርስቲያኖችም የሐዋርያው ቶማስ ነው የሚሉ አሉ። ሁሉም ሌሊቱን በአንድ ደረጃ ተሳልሞ ይወጣል። ጎሕ ሲቀድ የተራራው ጥላ ከሥሩ ባለው ጉም ላይ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይዘረጋል። ጎረቤቱ በዓል ባለው ቀን አብሮ ለሚውል የወሎ አንባቢ ከዚህ የበለጠ የሚገባው ፎቶግራፍ የሚገኝ አይመስለኝም።

መግለጫ ቦታ ይፈጃል፣ አንባቢም አያነበውም የሚል መልስ ሊሰጠኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ባሳተመው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ የአርዲቦ ሐይቅ «የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ» ተብሎ ወጥቶ፣ ደንበኞቼ ዓመቱን ሙሉ «እዚያ ቦታ ወስደህ አንሣን» እያሉ ሲመጡ ቦታው ሌላ መሆኑን ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆኖ ነበር። ሰው መግለጫን ያነባል፤ አምኖም ይሄዳል። አንድ የቦታ ስምና አንድ ወር ለመጻፍ የሚፈጀው ቦታ ደግሞ «አረንጓዴ ገነት» ከሚለው አይበልጥም።

ስለዚህ ፎቶ አንሺው በሚቀጥለው እትም ሦስት ነገሮችን ቢመልሱልን ደስ ይለኛል፦ ምሰሶ ላይ ላሉት ሰዎች ተከፍሏቸው ነበር ወይ? የሻይ ለቃሚዋ ፎቶአቸው በጋዜጣ እንደሚወጣ ያውቃሉ ወይ? የትሪንኮማሌው ባሕርስ በየትኛው ወር ተነሣ? በተከታታዩ ወደ አገራችን ገጽታ እንደምትመለሱ ስለገለጻችሁ ደግሞ የባቲን የሰኞ ገበያ ታስቡ ይሆናል። ከሆነ፣ ፎቶ አንሺው ገበያው ሳይሟሟቅ ማለዳ እንዲደርሱ፣ አፋርኛም ኦሮምኛም የሚችል የአካባቢውን ሰው ይዘው እንዲሄዱ እመክራለሁ፤ ግመል የሚነዳውን ሰው ፈቃዱን በራሱ ቋንቋ ከጠየቁት፣ ከየት እንደመጣና ምን ሊሸጥ እንደመጣ አብሮ ይነግራቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከኮምቦልቻ