ማጉያችን ለምን ከበደ? ዋቱስ ለምን አነሰ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ደሴ ወዳለው የድምፅ ማጉያ (አምፕሊፋየር) ሱቃችን የሚገባ ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄ አያጣም፤ «ይህ ነገር ለምን እንዲህ ይከብዳል?» እና «ሌላው ሱቅ 1000 ዋት ሲል እናንተ ለምን 60 ትላላችሁ?» በቃል ስንመልስ ሰንብተናል፤ ዛሬ በጽሑፍ እንመልስ።

ከዋቱ እንጀምር። በቅርቡ አንድ አባት ለልጃቸው ሰርግ የገዙትን «1000 ዋት» የሚል ማጉያ ይዘው ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው መጡ። ከጀርባው ፊውዙን ነቅለን መዳፋቸው ላይ አኖርንላቸው። 2 አምፔር ይላል። መብራታችን 220 ቮልት ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 440 ዋት። ከግድግዳው ያለማቋረጥ ሊስብ የሚችለው ይህንኑ ያህል ነው፤ ከዚያም ላይ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ሺው ከየት መጣ? «ላም አለኝ በሰማይ ነዋ!» ብለው ሳቁ። እኛ የምንጽፈው ማጉያው በ8 ኦም ስፒከር ላይ (ኦም ስፒከሩ ጅረትን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) ድምፁን ሳያዛባ፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ነው። 60 ዋት ለሳሎን ይበቃል። ዋቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ያህል ጉልበት ያስፈልጋል።

ክብደቱ በአብዛኛው የግድግዳውን ቮልት ለማጉያው በሚስማማ መጠን የሚቀይረው የትራንስፎርመሩ ነው። ከበሮ በተመታ ቁጥር ማጉያው በቅጽበት ብዙ የኤሌክትሪክ ጅረት ይጠይቃል፤ ትራንስፎርመሩ ደካማ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮችም ትናንሽ ከሆኑ ቮልቴጁ ይወርድና ምቱ ይልፈሰፈሳል። አምሽቶ መብራቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድማ፣ የማጉያው ከፍተኛ ጉልበት በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ትርፍ አቅም ከመጀመሪያው እናስቀምጣለን።

ብዙ ቅሬታ የሚመጣብን ግን በሙቀቱ ነው። «ሙዚቃ ሳልከፍት ይሞቃል» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ ሆን ብለን ነው። በማጉያው መውጫ ላይ ሁለት ትራንዚስተሮች ሥራ ይከፋፈላሉ፤ አንዱ የድምፁን ሞገድ ላይኛ ግማሽ፣ ሌላው ታችኛውን ይሸከማል። ሲቀባበሉ ሁለቱም ለቅጽበት ከተኙ ሞገዱ መሃሉ ላይ ይሰበራል። በጩኸት መካከል ይህ አይታወቅም። የማሲንቆ አምባሰል አልቆ የመጨረሻው ድምፅ እየቀጠነ ሲሄድ ግን፣ ጥርስ ውስጥ እንደ ገባ አሸዋ ይሰማል። ይህን ለማስቀረት በሁለቱም ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ጅረት እንዲፈስ እናደርጋለን፤ የሚሞቀውም በእርሱ ነው። የደሴ አየር ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ስስ ነው፣ ሙቀትም እንደ ልብ አይወስድም፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ዝቅ ቢልም ይሞቃል። ሙቀቱን የሚያስወጣውን አልሙኒየም ያገዘፍነው ለሁለቱም ብለን ነው። ክላስ ዲ የሚባለው ሌላ የማጉያ ዓይነት ግን ከሚስበው ጉልበት ወደ 90 በመቶ ገደማውን ለስፒከሩ ሊያደርስ ይችላል፤ ቀላል ነው፣ ብዙም አይሞቅም። ለሰርግ ድንኳን እኛም የምንመክረው እርሱን ነው።

ቀሪውን መዛባት የምናርመው የሚወጣውን ድምፅ ጥቂት ቁራጭ ወደ መግቢያው መልሰን ከመነሻው ጋር በማስተያየት ነው። ይህን ዘዴ ሃሮልድ ብላክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1927 በጀልባ ወደ ሥራ ሲሻገር አስቦት፣ በያዘው ጋዜጣ ላይ ጻፈው ይባላል። እኛ በልክ እንጠቀምበታለን፤ የተበላሸ ሥራ መሸፈኛ ሲሆን አንወድም።

የራሳችንንም ጥፋት እንንገራችሁ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻችን አንዱ ሙዚቃ ሳይኖር እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርም ነበር። ክፍል ብንቀይር፣ ሽቦ ብንቀይር አልተወም። በመጨረሻ ትራንስፎርመሩን ከነብሎኑ ፈትተን በእጃችን ቀስ እያልን ስናዞረው ጉርምርምታው እየቀነሰ ሄደ። ለካ መግኔጢሳዊ ኃይሉ በአጠገቡ ወዳለፈው የመግቢያ ሽቦ እየገባ ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ትራንስፎርመሩ ከመግቢያው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የምድር ሽቦዎቹም ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ።

ለመግዛት ስትመጡ ከስፒከራችሁ ጀርባ የተጻፈውን ኦም አንብባችሁ ኑ፤ 4 ከሆነ የምንሰጣችሁ ማጉያ ሌላ ነው። የገዛችሁ ደግሞ እባካችሁ ዳንቴል አታልብሱት። ማማሩን እናውቃለን፤ ግን መተንፈሻው ከላይ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሱቁ ባለሙያዎች፣ ደሴ