ሁለት ዓመት ከፊቴ ተቀምጦ ያልተማረው ልጅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት በተነሣ ቁጥር የሚጠየቀው ስንት ልጆች ተመዘገቡ የሚለው ነው። በእኔም ክፍል አንድ መስማት የተሳነው ልጅ ተመዝግቦ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ተቀመጠ፤ ከእኔ ግን አንድም ነገር አልተማረም።

ደብተሩን ላየው ሰው ጎበዝ ተማሪ ነው። ጽሑፉ የተቀረጸ ይመስላል። አንድ ቀን ደብተር ሳርም፣ የጧት ፈረቃ መምህር በደንብ ሳያጠፋው የሄደውን ሒሳብ ከእኔ የአማርኛ ምንባብ ጋር አያይዞ ጽፎት አገኘሁ። ግማሹ የተፋቀውን ቁጥር እንኳ እንደተፋቀ ሥሎታል። ደነገጥኩ። ለካ ልጁ ሲሥል እንጂ ሲጽፍ አልኖረም፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሥዕል ላይ ራይት እያደረግሁ ሁለት ዓመት አሳልፌያለሁ።

እናቱ ዘንድ ሄድኩ። «መምህር፣ ይማራል ብዬማ አይደለም፤ ከልጆች ጋር ይዋልልኝ ብዬ ነው እንጂ» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ለብቻ የተሠራ ክፍል ወይም የምጽዋት ሥራ ነው። ልዩ መሆን ያለበት ግን ማስተማሪያ መንገዱ ነው። ማየት ለተሳነው ልጅ በስድስት ነጥብ የሚሠራውን ብሬል ጣቱ እስኪለምደው ማስተማር ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ አንዱን ሥራ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ደጋግሞ ማሳየት ነው። መስማት ለተሳነው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋ መስጠት ነው። ሌላው ልጅ ትምህርት ቤት ሲመጣ አማርኛውን ከእናቱ ጓዳ ይዞ ይመጣል። በቤቱ በምልክት ቋንቋ የሚያናግረው የሌለ ልጅ ግን ሰባት ዓመት ሞልቶት ያለ ቋንቋ ይመጣል። እሱን ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ምንም አይጠቅመውም።

የማስተማሪያ መንገዱን ከልጁ ጋር ማስማማት ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን የመሳሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶችን ያፈራ አገር ነው። በቅኔ ቤት ማየት የተሳነው ተማሪ ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ ይቀኛል፤ ትምህርቱ በቃል ይነገራል፣ በጆሮ ይያዛልና። መንገዱ ከልጁ ጋር ስለገጠመ ነው። ያንኑ ልጅ እኛ ዘንድ አምጥተን ሰሌዳ ላይ ጽፈን «ገልብጥ» ስንለው ሰነፍ ይባላል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋና ብሬል የሚያውቁ መምህራን፣ ራሳቸው አካል ጉዳተኛ የሆኑትም ጭምር፣ እንዲቀጠሩ ያዛል። እኔ የምለምነው ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በሚገናኙበት በየጉድኝት ማዕከሉ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ መምህር እንዲመደብ ነው። በአካባቢያችን ትምህርት በተቋረጠበት ጊዜ ሌላው ልጅ ከትምህርቱ ወደ ኋላ ቀረ፤ መስማት የተሳነው ልጅ ግን ቋንቋ የሚያገኝበት ብቸኛ ቦታ ነው የተዘጋበት።

ልዩ ፍላጎት የተማረ አንድ ባልደረባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ለእኔም ለልጁም ያስተምረን ጀመር። «ላም» የሚለውን ምልክት ካሳየው በኋላ ልጁ በግቢው የሚግጡትን ላሞች አየ፣ እጁን አየ፣ ደግሞ ላሞቹን አየ። ወዲያው እጄን ይዞ እየጎተተ ደወሉን፣ ቧንቧውን፣ ባሕር ዛፉን፣ የገዛ ጫማውን እየጠቆመ ስማቸውን ይጠይቀኝ ጀመር። የአብዛኞቹን ምልክት አላውቀውም ነበር።

አንድ መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም