ቱርቦው ያገለገለ ይሁን፣ የዘይት መስመሩ ግን አይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን በአንባቢያን ገጻችሁ «አሮጌ መኪና ላይ ቱርቦ ማስገጠም ገንዘብ ለተረፈው ሰው ነው» የሚል አስተያየት አነበብኩ። እኔ ገንዘብ የተረፈኝ ሰው አይደለሁም። ግን አስገጥሜያለሁ፤ መጀመሪያ ተሳስቼ፣ ኋላ ተምሬ።

መኪናዬ ሃይሉክስ ፒካፕ ናት። ሞተሯ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ «ስሪ ኤል» የምንለው ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ቱርቦ አልነበራትም። ከጎንደር የለስላሳና የቢራ ሳጥን ጭኜ ደባርቅ አደርሳለሁ፤ ስመለስ ድንች ወይም ገብስ እጭናለሁ። ወለቃን አልፌ የኮሶዬን ዳገት ስጀምር ትንፋሽ ያጥራት ነበር። በሁለተኛ ማርሽ ስንፏቀቅ ከኋላዬ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ያቀልጠዋል።

ነገሩ የአየር ጉዳይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ቱርቦ በማርሚታ ሊወጣ በነበረው ጢስ እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ይሰጠዋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቻችን ያለችንን መኪና ይዘን መቆየታችን ነው። ታዲያ ለደጋ ሰው ቱርቦ ቅንጦት የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው?

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርጄ «ቱ ኤል ቲ» ከሚባለው ባለ ቱርቦ ሞተር የወጣ ያገለገለ ቱርቦ ከነማኒፎልዱ (የሞተሩን ጢስ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው ከሚያደርሰው ቱቦ ጋር) ገዛሁ። የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ስለሆኑ ብሎኑ ይገጥማል። ደስ ብሎኝ አንድ ጋራዥ ሰጠሁት። በማግስቱ ሙከራ ወጣን።

ያን ቀን አልረሳውም። ገና ከከተማ ሳንወጣ ሞተሩ በራሱ ጊዜ መጮህ ጀመረ። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፤ እሱ ይብስ ጨመረ። ቁልፉን አጠፋሁ፤ አልጠፋም! ከኋላ ሰማያዊ ጢስ አስፋልቱን ሸፈነው። ሞተሩ ናፍጣ ትቶ የገዛ ዘይቱን እየጠጣ ነበር። አምስተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሬኑን በሙሉ ክብደቴ ረግጬ፣ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቅኩት። መኪናዋ ተንዘፍዝፋ ጠፋች። እጄ መሪው ላይ እየተንቀጠቀጠ ብዙ ቆየሁ።

ዋናው ጥፋት ሲታይ አንዲት ቱቦ ናት። ቱርቦው በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ ዘንጉን የሚያቆመው የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ በግፊት ይገባል፣ ሲመለስ ግን በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። የእኔ መመለሻ ቀጭን ነበረች፤ መሐል ላይ ታጥፋ ወደ ላይ ትወጣ ነበር። ዘይቱ መውረጃ አጣና በአየሩ በኩል ወደ ሞተሩ ገባ። ዘንጉም ሲነቀንቁት ይወዛወዝ ነበር። ስገዛ በጣቴ ሞክሬው ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር።

ሁለተኛውን ሙከራ ዘንጉ በማይወዛወዝ ቱርቦ፣ በትዕግሥት ሠራሁት። የሞተሩን ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር የመጨመቅ አቅማቸውን) አስለካሁ፤ የደከመ ሞተር ላይ ቱርቦ መጫን ማሳረፍ ሳይሆን መግደል ነው። መመለሻውን በአውራ ጣት ውፍረት፣ ቀጥ ብሎ ቁልቁል እንዲወርድ ቶርኖ ቤት አሠራሁ። የመዳብ ሮንዴላዎቹን በሙሉ በአዲስ ቀየርኩ። ቱርቦው የሚሰጠውን የአየር ግፊት ግማሽ ባር ላይ አቆምኩት። ከቱርቦው በፊት የጢሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ አስገጠምኩ፤ 700 ዲግሪ ሲጠጋ እግሬን አነሳለሁ። ፖምፓው ወደ ሞተሩ የሚልከውን ናፍጣም በጥቂቱ ብቻ ጨመርኩ፤ ጥቁር ጢስ ከበዛ ናፍጣው በዝቷል ማለት ነው። ለጌጁና ለዘይት መስመሩ ያወጣሁት ለቱርቦው ካወጣሁት ይበልጣል። አልቆጨኝም። ዛሬ ኮሶዬን በሦስተኛ እወጣለሁ። ደባርቅ ስደርስም ከማጥፋቴ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ አቆያታለሁ፣ ቱርቦው እንዲበርድ።

የሚያሳስበኝ ወጣቶቹ ናቸው። ማራኪ አካባቢ ቤንዚን ዲኤክስ ላይ ቱርቦ ሊገጥሙ የሚያስቡ ልጆች አይቻለሁ። እጃቸው ጎበዝ ነው፤ ግን የሚያወሩት ስለ ቱርቦው ዋጋና ስለ ድምፁ ብቻ ነው። ቤንዚን ደግሞ ከናፍጣ ይለያል። አየሩ ሲጨመቅ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስቶን ይበሳል። ነዳጁንና ማቀጣጠያ ሰዓቱን ሳያስተካክሉ አይነካም። ልጆቼ፣ እባካችሁ ገንዘቡ ካልበቃ ቱርቦው ይቆይ እንጂ ጌጁ አይቅር።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። የዘይት መመለሻው እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳይ ስዕል በአንድ ዕትማችሁ ብታወጡልን፣ ቆርጬ በማውቃቸው ጋራዦች ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሃይሉክስ ሹፌር፣ ከጎንደር