እማዬ፣ ክፍሌን ለአንዲት ተማሪ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የጅማ ዝናብ ከበረታ መርካቶ አትውጪ፤ ጎረቤት ይገዛልሽ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አንዲት ልጅ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ትማራለች። ወላጆቿ ገበሬዎች ናቸው። ከቤታቸው ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ እሷ ናት፣ እንደኔው። አሁን ኢንተርንሺፕ መውጫዋ ደርሷል። ግቢው የድጋፍ ደብዳቤ ሰጥቶ «ቦታ ፈልጊ» ብሏታል።

ደብዳቤውን በክላሰር ይዛ ስትዞር፣ ጥበቃው ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነው፦ «ማንን ፈልገሽ ነው?» የምትጠራው ስም የላትም። ጓደኞቿ ግን አጎት አላቸው፣ የአባት ጓደኛ አላቸው። አንድ ስልክ ይደወላል፣ ሳይት ይገባሉ። ልምምዱ ግዴታ ስለሆነ መውጣቱን ሁሉም ይወጣል። ግን አንዱ ብረት ሲታሰር፣ ኮንክሪት ሲሞላ እያየ ይማራል፤ ሌላው ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ከርሞ ሪፖርት ያስገባል። አሜሪካ የተሠሩ ጥናቶችም ከቤተሰባቸው መጀመሪያ ኮሌጅ የገቡ ልጆች ከእኩዮቻቸው ያነሰ ኢንተርንሺፕ እንደሚያገኙ ያሳያሉ። ያለ ክፍያ ወራት መሥራት ቤተሰቡ ለሚደጉመው ነው የሚመቸው።

አንቺ «መሠረተ ትምህርት ብቻ የተማርኩ፣ ምን ረዳሁሽ» ትያለሽ። በጣም ነው የሚያናድደኝ! ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ስማር ሳይት ያስገባኝ ማን ነው? ጠዋት ጠዋት አንቺ ጋ ቡና የሚጠጣው ፎርማን አይደል? ቶናውን እየቀዳሽለት «ልጄ ቦታ አጣች» አልሽው። በነጋታው ጠራኝ። ስላምፕ ቴስት የሚባለውን የኮንክሪት ፍተሻ በእጄ የሠራሁት እዚያ ነው። ሾጣጣውን ቆርቆሮ በሦስት ዙር ኮንክሪት መሙላት፣ እያንዳንዱን ዙር 25 ጊዜ በብረት ዘንግ መውጋት፣ ከዚያ ቆርቆሮውን ቀጥ አድርጎ ማንሳትና ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደወረደ መለካት። ክፍል ውስጥ በሥዕል ብቻ ነበር የማውቀው። ዛሬ እንጀራዬ የሆነው እሱ ነው እማዬ፣ ያመጣሽውም አንቺ ነሽ።

ለልጅቷ እዚያው ጅማ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ለምኜ ቦታ አግኝቼላታለሁ። የቀረው ማደሪያ ነው። ከግቢ ስትወጣ ዶርሙንም ካፌውንም ታጣለች፤ ቤት ተከራይታ አትችለውም። ካልከበደሽ የኔን ክፍል ስጫት። አስቤዛውን እኔ እልካለሁ።

እሺ ካልሽ እሁድ ትገባለች፤ መናኸሪያ የሚቀበላት ሰው ላኪ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሳይት መድረስ አለባት። ፎርማኑ አሁንም ቡና የሚመጣ ከሆነ አስተዋውቂያት።

ልጅሽ