ከባትሪው ይልቅ ጀሪካኑን እንፍራ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ደሴ ውስጥ በመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና የምተዳደር ሰው ነኝ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ጋራዥ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «የኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ ሳለ ይቃጠላል አሉ፣ እውነት ነው?» ይለኛል። አንድ የሰፈሬ ሰው ሊገዛ ቀብድ ሊከፍል ሲል በስልኩ ያየው ቪዲዮ አስፈርቶት ተወው። ያው ሰው ነዳጅ ሲጠፋ እንዳልቸገር ብሎ 20 ሊትር ቤንዚን በጀሪካን ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር አስቀምጧል። ግድግዳው ወዲያ ማዶ እንጀራ ይጋገራል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሄደ እሳት ያለበት ድረስ እንደሚደርስ ስነግረው ደነገጠ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ስዊድን ውስጥ ከ611 ሺህ ገደማ የኤሌክትሪክና ሃይብሪድ (በነዳጅም በባትሪም የሚሠሩ) መኪኖች 23 ተቃጠሉ። ከ4.4 ሚሊዮን የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ግን 3,400 ያህል። ከመቶ ሺህ 4 እና ከመቶ ሺህ 80 ገደማ ማለት ነው። የኤሌክትሪኮቹ አዳዲስ መሆናቸው እንደረዳቸው አምናለሁ፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው። በ2023 እንግሊዝ አገር ሉተን አውሮፕላን ማረፊያ ከሺህ በላይ መኪና ሲነድ ወሬው «ኤሌክትሪክ ነው» ነበር። እሳቱ የተነሳው ከናፍጣ መኪና ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሁሉ የሚጨስ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሳለት ሞተሩ ራሱ እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ፍሬኑ እንደዚያ አይግልም። (ባትሪው ጢም ካለ ግን ይህ በደንብ አይሠራም፤ ደሴ ላይ 100 በመቶ ሞልታችሁ አትውረዱ።)

የምፈራው ሌላ ነገር አለ። የእነዚህ መኪኖች የሊቲየም ባትሪ አንዴ ከተያያዘ በውስጡ ካሉት ትንንሽ ባትሪዎች (ሴሎች) አንዱ ሌላውን እያጋለ ይሄዳል፣ ጭሱ መርዝ ነው፣ ጠፋ ከተባለ ከሰዓታት በኋላም ሊነሳ ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ ቴስላ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ባዘጋጀው መመሪያ ለአንድ መኪና ከ11 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ሊያስፈልግ እንደሚችል ጽፏል። የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች ለእሳት አደጋ ሠራተኞቻቸው በዚህ ላይ ሥልጠና ይስጡልን፤ ውኃ በቅርብ የሚቀዳበትንም ቦታ ከወዲሁ ይለዩ። የሚደውለው ሰውም መኪናው የኤሌክትሪክ መሆኑን አስቀድሞ ይናገር።

ቤት ውስጥ ቻርጅ የምታደርጉ ደግሞ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ብሬከር አስገቡ። ባለፈው ወር አንዱ ደንበኛዬ በተራ ማከፋፈያ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ አድሮ ጠዋት ሶኬቱን ይዞልኝ መጣ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሹካው ጋር ተጣብቋል፤ መኪናው ምንም አልሆነም። ሶኬቱን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ለማሳየት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ